«ማጣራት» አይደለም፤ «ማምከን» ነው

በአልትራቫዮሌት መብራት የመጠጥ ውሃን ከጀርም ነጻ ማድረግን «ውሃን በጨረራ ማጣራት» ሲሉት በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ከሁለቱ ቃላት አንዱም ቦታው ላይ አይደለም።

«ማጣራት» ሥሩ «ጠራ» ነው። የሚጣራው ድፍርስ ነው። ይህ ብርሃን ግን ድፍርሱን አያጠራም፤ ጭራሽ በድፍርስ ውሃ ውስጥ በደንብ ዘልቆ ስለማያልፍ ውሃው አስቀድሞ መጣራት አለበት። ሁለት ሥራ በአንድ ስም ከተጠራ የመጀመሪያውን የሚዘለው ሰው ይበዛል።

«ጨረራ» ደግሞ የጨረራ መከላከያ ባለሙያዎች ቃል ነው፤ ራጅንና ኑክሌርን ያስታውሳል። ሰሚው ውሃው ራሱ የተመረዘ ቢመስለው አይፈረድበትም። «የፀሐይ ጨረር» እያልን ያደግንበት «ጨረር» ምን ጎድሎት ነው? አልትራቫዮሌቱን «ልዕለ ሐምራዊ» የሚሉም አሉ። የብርሃኑን ዓይነት ለመለየት ደህና ስም ነው፤ ሥራውን ግን አይናገርም።

ለሥራው «ማከም» የሚለው ቃል በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ተለምዷል። ግን ክሎሪን መጨመርንም ስለሚያጠቃልል ሰፊ ነው። «መግደል»ም ልክ አይመጣም። የሞገድ ርዝመቱ 254 ናኖሜትር ገደማ የሆነው ብርሃን የጀርሙን ዲኤንኤ ይጎዳል። ጀርሙ ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ መራባት ግን ይሳነዋል። ያልተራባ ጀርም ደግሞ አያሳምምም።

ይህንን አማርኛ በአንድ ግስ ይለዋል፦ መከነ። ዘር መስጠት ተሳነው ማለት ነው። ነገሩን የእኛ ቃል ከሥሩ ይዞት ተወልዷል! ፖሊስ ቦምብ ሲያመክንም ቦምቡ ባለበት አለ፤ መፈንዳት ግን አይችልም። በእግር ኳስ ዘገባም ግብ ሊሆን የነበረ ኳስ ይመክናል። «መካን» ሰውን የሚያቆስል ቃል ነውና ይቅር የሚሉ አሉ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ነገር ግን «ማምከን» ከዚያ ቁስል ከራቀ ቆይቷል።

ስለዚህ ዘዴው «በጨረር ማምከን»፣ መሣሪያው «የጀርም ማምከኛ» ይባል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የሚመክነው ጀርሙ እንጂ ውሃው አይደለምና «የመከነ ውሃ» አይባልም። ጨረሩም እንደ ክሎሪን ውሃው ውስጥ ስለማይቆይ፣ ቆሻሻ ጀሪካን ውስጥ የተቀዳው ውሃ እንደገና ሊበከል ይችላል። በውሃው መለያ ወረቀት ላይ «ጀርሙ የመከነ» ከሚለው ቀጥሎ «በንጹሕ ዕቃ ይቀዳ» ተብሎ ይጻፍ።