ከሞደም ጩኸት እስከ ከላላ ገበያ

የአገራችን ኢንተርኔት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን ለሕዝብ የከፈተው በ1989 ዓ.ም. አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ጥር 1997 ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ምኒልክ ስልክ አስገቡ፣ ቴሌግራፍ ተዘረጋ፣ ላኪው ነጋዴ በቴሌክስ፣ ኋላም በፋክስ ተዋዋለ።

የሚያከራክረው፣ በመረብ መጻጻፍን ለአዲስ አበባ ያስተዋወቀው ማን ነው የሚለው ነው። የተለመደው ትረካ ከ1989 ይነሳል። ሌላው ወገን ጣቱን የሚቀስረው ወደ አፍሪካ አዳራሽ ነው። በዚያ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር፣ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል ነበር። ሊሻን አዳም የተባሉ ኢትዮጵያዊ ባለሙያም እዚያው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ የኢሜይል መረብ አቆሙ።

አሠራሩ የዛሬን ወጣት ያስቀዋል። ደንበኛው ኮምፒውተሩን በሞደም ከስልክ መስመር ጋር ያገናኛል፤ ሞደሙ ይጮኻል፤ የተጻፈው መልእክት ኮሚሽኑ ግቢ ካለው ማዕከል ገብቶ ተራውን ይጠብቃል። መልእክቶች ከተጠራቀሙና ከተጨመቁ በኋላ፣ ሰዓታቸው ሲደርስ በአንድ የስልክ ጥሪ ከለንደን ጋር ይለዋወጣሉ። መልሱ በማግስቱ ቢመጣ ማንም አይቆጣም። ድረ ገጽ ማየት የሚባል ነገር የለም። ሆኖም የውጭ ጥሪ በደቂቃ በሚከፈልበት ዘመን፣ ፋክስ አንዷን ገጽ እየጎተተ ሲያሳልፍ፣ የተጨመቀ ጽሑፍ በሰከንዶች ውስጥ ባሕር ይሻገር ነበር።

«ይህማ ኢንተርኔት አይባልም» የሚሉ አሉ። በቴክኒኩ ልክ ናቸው። ደንበኞቹም ባብዛኛው ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች ነበሩ። ነጋዴ ግን የመረብን ዋጋ የሚለካው በአንድ ነገር ነው፤ ወሬው ከሸቀጡ ቀድሞ፣ በርካሽ ይደርሳል ወይ? በዚህ ሚዛን የአፍሪካ አዳራሹ ሞደም ቀዳሚ ነው።

በፈረንጆቹ 1995 «ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ እናምጣ» ያሉ ባለሙያዎች ተሰባስበው መከሩ። በኋላ ሥራው ለኮርፖሬሽኑ ብቻ ተሰጠ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2022 ወደ ገበያው እስኪገባ ድረስም ሁለተኛ የቴሌኮም ኦፕሬተር አልነበረም።

መካከሉን በአጭሩ እንለፈው። ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት መረብ በሳተላይት ወረዳዎችን አገናኘ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ፤ 929 ደውሎ ዋጋ መስማትም ተቻለ። ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን በመረብ አስተሳሰሩ። በግንቦት 2013 ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት መጣ።

በደቡብ ወሎ፣ ከላላ፣ ወግዲ ወይም መካነ ሰላም ያለ እህል ነጋዴ ዛሬ የደሴን ዋጋ ሳይጠይቅ አይጭንም፤ ክፍያውም በስልኩ ሊገባለት ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ዳታ ላይ የቆመ ንግድ ሁሉ ተንገዳገደ። በአንጻሩ ቴሌብር ያለ ዳታም በ*127# ይሠራል፤ የስልክ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ጥቂት ቁጥርና አጭር ጽሑፍ ይበቃዋል።

የፓዲስም ብልሃት ይኸው ነበር፤ ባለው የስልክ መስመር፣ አጭር ጽሑፍ፣ በትንሽ ወጪ። ስለዚህ ሠላሳኛው ዓመት ሲከበር ታሪኩን ከ1989 ሳይሆን ከአፍሪካ አዳራሽ ጀምሩት።