እስትንፋስን በእጅ ስለ መጠበቅ

ኤልሳዕ ነቢይ በሱነማዊቱ ቤት የሞተውን ብላቴና አፉን በአፉ ላይ አድርጎ እንዳስነሣው የሚናገረውን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ላደገ ሰው፣ የአንዱ እስትንፋስ ለሌላው ሊተርፍ ይችላል የሚለው ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን በነቢዩ ዘንድ በተአምራት የሆነው በሐኪም እጅ በሥርዓትና በልክ ይፈጸም ዘንድ የጥበበ ሕክምና ሊቃውንት ብዙ መቶ ዓመታት ደክመዋል፤ ከድካማቸውም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ጥበቡ ከተገኘ በኋላ እንኳ በአንድ ከተማ ውስጥ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወደ ተላላፊ በሽታው ክፍል መሻገር ተስኖት ሕሙማን ሲያልቁ መኖራቸው ነው። ለዚህ ነገር ምስክር የምትሆነን የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ስትሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደምንከተለው፣ 1952 ዓ.ም. ነው።

በሰው ሠራሽ መንገድ የማስተንፈስ ሐሳብ ጥንታዊ ነው። ሊቁ ቬሳልየስ በ1543 ዓ.ም. ባሳተመው የአካለ ሰብእ መጽሐፍ፣ የእንስሳን የአየር ቧንቧ በስቶ ቱቦ በማግባትና አየር በመንፋት ሊቆም የደረሰውን ልብ መልሶ ማበርታት እንደሚቻል ጽፏል፤ ከመቶ ሃያ አራት ዓመታት በኋላም፣ በ1667 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በለንደን ሊቃውንት ማኅበር ፊት የውሻን ሳንባ በወናፍ እየነፋ ነፍሱን አቆይቶ አሳይቷል። በ1767 ዓ.ም. በአምስተርዳም በውኃ የሰጠሙትን ለማዳን ማኅበር ከቆመ ወዲህ ወናፍ ከነፍስ አድን ዕቃዎች መካከል ተቈጠረ፤ ይሁን እንጂ በ19ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ላይ ፈረንሳዊው ሐኪም ሌሯ በኃይል የተነፋ አየር የእንስሳን ሳንባ እንደሚቀድድ ስላሳየ፣ ሰዎች ወናፉን ፈርተው ተዉት፤ ሊቃውንቱም አየርን ወደ ውስጥ ከመግፋት ይልቅ ደረትን ከውጭ ስቦ ማስፋት ይሻላል ወደሚለው ሐሳብ አዘነበሉ።

የዚህ ሐሳብ ፍጻሜ «የብረት ሳንባ» የተባለው መሣሪያ ነው። በ1928 ዓ.ም. ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊስ ሾው በቦስተን የሠሩት ይህ መሣሪያ በሽተኛውን ከአንገቱ በታች አየር በማያሳልፍ የብረት ሣጥን ውስጥ የሚያስተኛ ሲሆን፣ ሞተሩ ከሣጥኑ ውስጥ አየር በሳበ ጊዜ የበሽተኛው ደረት ይሰፋል፣ ውጫዊው አየርም በአፉና በአፍንጫው ይገባል፤ ሣጥኑ አየር በተመለሰለት ጊዜ ደግሞ ደረቱ ይረግባል። የልጅነት ልምሻ የደረቱን ጡንቻ ብቻ ያሰነፈበትን ሕፃን ይህ መሣሪያ ብዙ ጊዜ አድኖታል። በሽታው ወደ አንጎል ግንድ ወጥቶ የመዋጥን ኃይል የነጠቀበት ሕፃን ግን ምራቁንና አክታውን መዋጥም መትፋትም ስለማይችል፣ መሣሪያው አየሩን በሳበ ቊጥር በጉሮሮው የተጠራቀመውን ፈሳሽ ጭምር ወደ ሳንባው ይስብበት ነበር።

በዚያው ዘመን፣ ከዚህ ሁሉ በተለየ ክፍል፣ ሌላ ጥበብ ያድግ ነበር። በ1846 ዓ.ም. ዊልያም ሞርተን በቦስተን በኤተር ሰውን አደንዝዞ ቀዶ ጥገና ካስደረገ ጀምሮ የማደንዘዣ ሐኪሞች የበሽተኛውን የአየር መንገድ መጠበቅ ዋና ሥራቸው ሆነ፤ በ1920ዎቹ መጨረሻም ጫፉ ላይ በአየር የሚነፋ የጎማ ቀለበት ያለውን ቱቦ አበጁ፤ ቀለበቱም ሲነፋ ከአፍ የሚወርደው ፈሳሽ ወደ ሳንባ እንዳይገባ፣ ወደ ሳንባ የተላከውም አየር ሾልኮ እንዳይወጣ ያደርግ ነበር። የደቡብ አሜሪካ አዳኞች የፍላጻቸውን ጫፍ የሚቀቡትን ኩራሬ የተባለውን መርዝ ሃሮልድ ግሪፊት በ1942 ዓ.ም. በሞንትሪያል ለቀዶ ጥገና ካዋለው በኋላ ደግሞ፣ መድኃኒቱ ጡንቻን ሁሉ ስለሚያሰንፍ፣ የማደንዘዣ ሐኪም የሰውን እስትንፋስ አቁሞ እርሱ ራሱ የጎማ ከረጢት በእጁ እየጨመቀ ሲያስተነፍስ መዋል የዕለት ተግባሩ ሆነ። እንግዲህ ጡንቻው የሰነፈበትን ሰው በእጅ የሚያስተነፍሱ ሐኪሞች በቀዶ ጥገናው ክፍል ሳሉ፣ ጡንቻቸው በደዌ የሰነፈባቸው ሕፃናት በተላላፊ በሽታው ክፍል ይሞቱ ነበር፤ ሁለቱን ያገናኘ ግን አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት፣ ይኸውም በሐምሌና በነሐሴ፣ የልምሻ ወረርሽኝ በኮፐንሃገን ላይ ወረደ። ለተላላፊ በሽታዎች የተሠራው የብሌግዳም ሆስፒታል በወረርሽኙ ዘመን 2,722 የልምሻ ሕሙማን የተቀበለ ሲሆን፣ በበረታበት ጊዜ በአንድ ቀን እስከ 50 ሰው ይገባበት ነበር፤ ከነዚህም መካከል 316 ያህሉ መተንፈስ ወይም መዋጥ ተስኗቸው ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ነበሩ። ሆስፒታሉ ግን የነበረው አንድ የብረት ሳንባና ደረት ላይ ብቻ የሚታሰሩ ስድስት ትንንሽ መሣሪያዎች ነበር። በነዚህ መሣሪያዎች ከታከሙት የመጀመሪያዎቹ 31 ሕሙማን መካከል 27ቱ ሞቱ።

የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ሄንሪ ላሰን በደዌው ላይ የታወቀ ሊቅ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በፊት ዓለም አቀፍ የልምሻ ጉባኤ በዚያችው ከተማ ተደርጎ ነበር፤ ስለዚህ የዕውቀት እጥረት ነበር ሊባል አይቻልም። ችግሩ የነበረው የታየውን በመተርጎም ላይ ነው። የሕሙማኑ ደም በተመረመረ ጊዜ ባይካርቦኔቱ እጅግ በዝቶ ይገኝ ስለነበር፣ ሐኪሞቹ የደሙ አሲድ ከልክ በታች ወርዷል ብለው ምክንያቱን አጥተው ይደነቁ ነበር፤ ሕሙማኑም ላብ ሲያጠምቃቸውና የደማቸው ግፊት ሲወጣ፣ ነገሩን ሁሉ ደዌው አንጎላቸውን ለመውጋቱ ምልክት አድርገው ይቈጥሩት ነበር።

በዚህ ጊዜ የላሰን ረዳት ቢዮርነቦ አንድ ሰው አስታወሰ፤ እርሱም በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የማደንዘዣን ጥበብ ተምሮ የተመለሰውና ቴታነስ የያዘውን ሕፃን በማከም ከርሱ ጋር የተባበረው ወጣቱ ቢዮርን ኢብሰን ነበር። ላሰን ጥቂት ካመነታ በኋላ እሺ አለና ነሐሴ 25 ቀን ጉባኤ ተደረገ። ኢብሰን የሟቾቹን መዝገብና የአስከሬን ምርመራ ተመልክቶ፣ ሳንባዎቹ አየር መቀበል የማይችሉ ሆነው እንዳልተበላሹ አየ፤ ስለዚህም የበዛው ባይካርቦኔት የአሲድ ማነስ ምልክት ሳይሆን፣ ሕሙማኑ የተቃጠለውን አየር፣ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ አውጥተው መጣል ተስኗቸው በደማቸው ውስጥ የተከማቸ መሆኑን፣ የሚገድላቸውም የአየር እጦት መሆኑን ተናገረ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 27 ቀን፣ ቃሉን በሥራ ያስመሰክር ዘንድ ልትሞት የተቃረበች የ12 ዓመት ልጅ ተሰጠችው፤ አራቱም እጅና እግሯ የሰነፈ፣ ምራቋ በጉሮሮዋ የሚንቃጨል፣ ሰውነቷ የጠቈረ ነበረች። ቆዳዋ ብቻ ደንዝዞ ከማንቁርቷ በታች የአየር ቧንቧዋ ተበሳ፤ ባለ ቀለበቱም ቱቦ ገባ። ይሁን እንጂ ኢብሰን ከረጢቱን ቢጨምቅ አየሩ አልገባ አለ፤ የልጅቱ የአየር መንገድ ተኮማትሮ፣ እርስዋም በቀረላት ጥቂት ኃይል ትታገለው ነበርና። ለማየት ከተሰበሰቡት ሐኪሞች አብዛኞቹ ነገሩ አልሆነም ብለው ወጥተው ሄዱ። እርሱ ግን የማደንዘዣ ሐኪም በየዕለቱ የሚያደርገውን አደረገ፤ 100 ሚሊግራም ፔንቶታል በደም ሥሯ ሰጣት፤ ትግሏ ቆመ፣ የራሷም እስትንፋስ ቆመ፣ ሳንባዋም ለእጁ ታዘዘ። ቆዳዋ ቀላ፣ ላቧ ደረቀ፣ ከትንፋሿ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክም ወረደ። ኢብሰን በዚህ ሳይወሰን ልጅቱን በደረት ላይ ወደሚታሰረው መሣሪያ አዛወራት፤ ወዲያው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወጣ፣ መልኳም ከፋ፤ እንደገና በከረጢቱ ሲያስተነፍሳት ደግሞ ዳነች። ተመልካቹ ከዚህ ወዲያ ሌላ ማስረጃ አላሻውም። ልጅቱም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ኖራለች።

ነገር ግን አንዲትን ልጅ ማዳን ሌላ፣ በአንድ ጊዜ ሰባ ሕሙማንን ሌሊትና ቀን ማስተንፈስ ሌላ ነው፤ ለዚያ የሚበቃ መሣሪያ በከተማይቱም በአገሪቱም አልነበረም። ላሰን ተማሪዎችን ጠራ። 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በተራ እየገቡ፣ እያንዳንዱ በአንድ በሽተኛ አጠገብ ተቀምጦ፣ የጎማውን ከረጢት በደቂቃ ሃያ ጊዜ ያህል እየጨመቀ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እየተካው፣ በድምሩ 165,000 ሰዓት ያህል በእጃቸው አስተነፈሱ። ይህ ሥራ የጡንቻ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ከረጢቱ በእጅ ሲጠነክር አክታ መከማቸቱን ተማሪው ይረዳና ነርሷን ጠርቶ በላስቲክ ቱቦ ያስመጥጥለታል፤ በሽተኛው ሕፃን መናገር ስለማይችል የሚፈልገውን ከዓይኑና ከከንፈሩ ያነባል፤ ሲሰለቸውም ተረት ያነብለታል። የሞትም ነገር ሲመጣ፣ እስትንፋሱን በእጁ የያዘ ተማሪ ሕፃኑ መሞቱን ከሁሉ አስቀድሞ ያውቅ ነበርና፣ ያ ዕድሜው ገና ሃያዎቹን ያልተሻገረ ወጣት የተሸከመው ሸክም ቀላል አልነበረም።

በዚህ መካከል የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ኃላፊ ፖውል አስትሮፕ፣ የደሙን አሲድነት በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ አምጥቶ የኢብሰንን ቃል እውነትነት በቊጥር አረጋገጠ፤ ኋላም በጥቂት ደም የካርቦን ዳይኦክሳይድን ልክ የማግኛ ዘዴ አወጣ፤ ዛሬ በየጽኑ ሕሙማን ክፍሉ የሚደረገው የደም ጋዝ ምርመራም ከዚያ ወረርሽኝ የተወለደ ነው። ተማሪው በእጁ የሚሰጠው አየር ይብዛ ይነስ የሚነግረው ልኬት ባይኖር ኖሮ፣ ያ ሁሉ ትጋት በጨለማ የሚደረግ ድካም በሆነ ነበር። በዚህ ሁኔታ፣ ቀድሞ ከመቶ 87 ያህል የነበረው የሟቾች ቊጥር በወረርሽኙ መጨረሻ ወደ 25 ገደማ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ በፍጥነት ሄደ። ስዊድናዊው ሐኪም ካርል ጉናር ኤንግስትሮም የተማሪዎቹን እጅ የሚተካ መሣሪያ ሠራ፤ በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ኢብሰን በኮፐንሃገን ማዘጋጃ ቤት ሆስፒታል፣ እስትንፋሳቸውና የደም ዝውውራቸው የታወከ ሕሙማን፣ ደዌያቸው ምንም ይሁን ምን፣ በአንድነት ሌሊትና ቀን የሚጠበቁበትን ክፍል ከፈተ፤ ይህም የጽኑ ሕሙማን ክፍል መጀመሪያ ነው ተብሎ ይቈጠራል። በ1955 ዓ.ም. የሳልክ ክትባት ከታወጀ በኋላ ልምሻው ራሱ ከአውሮፓ ሆስፒታሎች እየራቀ ሄደ፤ ለልምሻ ሲባል የተገኘው ጥበብ ግን የሳንባ ምች ለያዘው፣ መርዝ ለጠጣው፣ በመኪና ለተቀጠቀጠው ሁሉ ተረፈ።

ከዚህ ታሪክ ለሐኪምም ለሹምም የሚተርፈው ነገር በየሥራው ቅደም ተከተል ላይ ነው። በኮፐንሃገን አስቀድሞ የደሙ ነገር በትክክል ተተረጐመ፤ ቀጥሎ የሠለጠነ ሰው በየአልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ መሣሪያው የመጣው በሦስተኛው ነው። ይህን ሥርዓት ገልብጦ መሣሪያውን ገዝቶ የሚለካውንና የሚጠብቀውን ሰው ሳያሠለጥን የቀረ ሆስፒታል፣ ብሌግዳም ወረርሽኙ በጀመረበት ወር በነበረበት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው። ከሁሉም በላይ መመስገን የሚገባው፣ በማዕርግም በዕድሜም ታናሹ የሆነውን ሰው ከሌላ ሙያ ጠርቶ በክፍሉ ሥልጣን የሰጠው ላሰን ነው፤ እርሱ በ1953 ዓ.ም. ጥር ወር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወረርሽኙን ዘገባ ባወጣ ጊዜ፣ ከ31 ሕሙማን 27ቱ በርሱ አመራር መሞታቸውን አልሸሸገም፤ የኢብሰን ዘዴ ዋጋ የታወቀውም የላሰን የሽንፈት ቊጥር ከአጠገቡ በመጻፉ ነው።