በግንባር የተጻፈ እምነትና በእጅ የተሠራ እምነት
ደቂቀ እስጢፋኖስ በ15ኛው ክፍለ ዘመን

የአንድ ኅብረተሰብ እምነት በመጻሕፍቱና በሥርዓቱ ብቻ ተመዝኖ አያበቃም። በዓሉ እንዴት እንደሚከበር፣ ጸሎቱ በምን ሰዓት እንደሚደርስ፣ ሥዕሉ በምን ቀለም እንደሚሣል መርምሮ መመዝገብ የታሪክ ጸሐፊ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ አማኙ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ በእርሻው ላይ ሲውል፣ ከባልንጀራው ጋር እህል ሲካፈል፣ በባለሥልጣን ፊት ሲቆም የሚያሳየው ጠባይም ከዚህ የማያንስ ምስክር ነው። በቃልና በግብር መካከል ያለው ርቀት በየዘመኑ ጥያቄ አስነሥቷል። በአገራችን ታሪክ ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ገፍተው፣ መልሱንም በአካላቸው ከከፈሉት መካከል ደቂቀ እስጢፋኖስ ተብለው የሚታወቁት የትግራይ መነኮሳት በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ዘመኑና ሥርዓቱ

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በነገሠባቸው ዓመታት የኢትዮጵያ ማዕከላዊ መንግሥት ከፍተኛ ጥንካሬ ካሳየባቸው ጊዜያት አንዱን አሳልፏል። ንጉሡ ጦር ከመምራቱና ግዛት ከማደራጀቱ ባሻገር የሃይማኖት ደራሲ ነበር፤ «መጽሐፈ ብርሃን» እና «መጽሐፈ ሚላድ» በስሙ የሚታወቁ ሥራዎች ናቸው። በሰንበት አከባበር ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተከፋፍላ የቆየችውን ቤተ ክርስቲያን አስታረቀ፤ ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን አሳደደ፤ የእመቤታችንን በዓላት አበዛ፤ ለመስቀል ስግደት እንዲደረግ አዘዘ። የዓላማው እምብርት ግልጽ ነው፤ በአንድ ንጉሥ ሥር በአንድ ሥርዓት የሚያምን አንድ ሕዝብ እንዲኖር ነበር።

ይህ ፍላጎት እስከ ሰው ገላ ድረስ ዘለቀ። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚመሰክረው፣ ሕዝቡ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በቀኝና በግራ እጁም ሰይጣንን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚገልጽ ቃል እንዲጽፍ ታዘዘ። ትእዛዙን ያልፈጸመ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። በዚህም እምነት በዓይን የሚታይና በሹም የሚቆጠር ነገር ሆነ። በግንባሩ የተጻፈበት ሰው በጎረቤቱ ላይ ግፍ ቢሠራ ግንባሩ ይመሰክርለታል፤ ግንባሩ ባዶ የሆነው ግን በቅንነት ቢኖርም ይከሰሳል።

ከዚሁ ጋር ሊታይ የሚገባው የገዳማት ኑሮ ነው። በመካከለኛው ዘመን ታላላቅ ገዳማት ከነገሥታት በሚሰጣቸው ጉልት ይተዳደሩ ነበር። መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ ነው፤ ግብሩ ግን ለገዳሙ ይገባል። በዚህ መንገድ የመነኩሴው ማዕድ ከንጉሡ ቸርነት ጋር ተሳሰረ። እንጀራውን ከቤተ መንግሥት የሚቀበል ገዳም ደግሞ ቤተ መንግሥቱን ለመገሠጽ አንደበቱ እንደሚከብደው የታወቀ ነው።

ከቆየጻ የወጣው መነኩሴ

አባ እስጢፋኖስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በአጋመ ተወለደ። በወጣትነቱ በአባ ሳሙኤል ይመራ ወደነበረው ወደ ቆየጻ ገዳም ገብቶ መነኮሰ። መጻሕፍትን አጥብቆ መረመረ፤ የመረመረውንም ከገዳሙ የዕለት ተዕለት ኑሮ ጋር አስተያየ። ደቀ መዛሙርቱ የጻፉት ገድሉ እንደሚያመለክተው፣ ልቡን የነካው በመጽሐፍ የሚነበበው የምንኩስና ሕግና በገዳሙ የሚኖረው ኑሮ አለመግጠማቸው ነበር። መነኩሴ ድኻ ለመሆን ተስሎ ሳለ ሀብት ሲያከማች፣ በእጁ ሥራ ሊኖር ሲገባው በሰው ላብ ሲተዳደር አየ። ይህን በግልጽ በመናገሩ ከገዳሙ ማኅበር ጋር ተጣላ፤ ቃሉን ከተቀበሉት ጥቂት ወንድሞች ጋርም ወጥቶ ለብቻው ማኅበር መሠረተ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የመጀመሪያው ክስ የመጣው ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከገዛ ወንድሞቹ ከመነኮሳት ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ከመንገሡ በፊት በነበሩት ነገሥታት ዘመን ጭምር እስጢፋኖስ ተከሶ ለፍርድ ቀርቧል። የሌላው ሰው ቅን አኗኗር፣ ምንም ነቀፋ ባይናገር እንኳ፣ በአጠገቡ ለሚኖረው ወቀሳ ይሆንበታልና።

ሥራ እንደ ጸሎት

የደቂቀ እስጢፋኖስ ማኅበር ኑሮ በጥቂት ቀላል ሕጎች ላይ የቆመ ነበር። ንብረት የጋራ ነው። ምግብ በእኩልነት ይከፈላል። እያንዳንዱ በእጁ ይሠራል፤ መሬት ይቆፍራል፣ ያርሳል፣ ልብሱን ያዘጋጃል፣ መጽሐፍ ይጽፋል። ከንጉሥ የሚመጣ ስጦታ አይወሰድም። ወንዶች መነኮሳት ብቻ ሳይሆኑ ሴቶች መነኮሳይያትም የዚሁ እንቅስቃሴ አባላት ነበሩ፤ በኋላ የመጣውንም መከራ አብረው ተቀብለዋል።

ይህ አኗኗር የነበረውን ክብደት ለመረዳት በዘመኑ ለእጅ ሥራ ይሰጥ የነበረውን ግምት ማስታወስ ያሻል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ የኅብረተሰቡን ፍላጎት እያሟሉ በስድብ ስም ይጠሩ ነበር። ጌትነት የሚለካው ባለመሥራት ነበር። በእንዲህ ያለ ኅብረተሰብ ውስጥ የተማረ መነኩሴ መቆፈሪያ ይዞ መሬት ሲምስ መታየቱ ተራ ነገር አልነበረም። ደቂቀ እስጢፋኖስ ግን ሥራን የጸሎት ወገን አደረጉት። ጉልት አንቀበልም ማለታቸውም የትሕትና ምልክት ብቻ አልነበረም፤ የነጻነታቸው መሠረት ነበር። የሚነጥቃቸው ማዕድ ስለሌለው ንጉሡ በማዕድ ሊያስፈራራቸው አልቻለም።

የስግደቱ ጥያቄ

ግጭቱ ጫፍ የደረሰው በስግደት ጉዳይ ነው። በዘመኑ ሥርዓት በንጉሥ ፊት የቀረበ ሁሉ መሬት ላይ ተደፍቶ እጅ ይነሣል። እስጢፋኖስ በዘርዐ ያዕቆብ ፊት ቀርቦ ይህን እንዲፈጽም ሲጠየቅ እምቢ አለ። ምክንያቱም አጭር ነበር፤ ስግደት የሚገባው ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው፣ ሟች ለሆነ ሰው አይደለም የሚል ነው። ንጉሥነቱን አልካደም፤ ሸፍቶም ጦር አላነሣበትም። እምቢ ያለው አንዲት የጉልበት እጥፋት ብቻ ነው። ንጉሡም በዚያች እጥፋት ውስጥ የሥልጣኑን ሁሉ መሠረት አይቷልና ነገሩን በቀላሉ አላለፈውም።

እስጢፋኖስ ተገረፈ፤ ታሰረ፤ በ1440ዎቹም በእስር ላይ እንዳለ ሞተ። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። ከዚያ በኋላ ክሱ ሰፋ፤ ለማርያምና ለመስቀል አይሰግዱም፣ የእመቤታችን ጠላቶች ናቸው ተባለ። እነርሱ በበኩላቸው እመቤታችንን እንደሚያከብሩ፣ ክብርና አምልኮ ግን የተለያዩ መሆናቸውን ይመልሱ ነበር። የፖለቲካ እምቢታ የሃይማኖት ክሕደት ተብሎ ሲሰየም ቅጣቱን ለሕዝብ ማስረዳት ይቀላል።

በ1450ዎቹ አጋማሽ የደረሰባቸውን የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ራሱ አልሸሸገም። በየካቲት 2 ቀን አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፤ በድንጋይም ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ፣ በመጋቢት 10 ቀን በመስቀል በዓል፣ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ብርሃኑን ሥራውን ፈጣሪ የወደደለት ምልክት አድርጎ ቆጠረው፤ በቦታውም ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ከተማውን ደብረ ብርሃን አለው። ዛሬ በሸዋ ደጋ ላይ የምትገኘው የዚህች ከተማ ስም ከብርሃኑ ጋር የእነዚያን ሰዎች ደም አብሮ ያስታውሳል።

የጉንዳ ጉንዴ ብራናዎች

ከስደቱ የተረፉት የመጨረሻ መጠጊያቸውን ያገኙት በአጋመ ምሥራቃዊ ገደል፣ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት በጉንዳ ጉንዴ ነው። አስቸጋሪው መልክዓ ምድር ከመንግሥት ዓይን ሰወራቸው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉም መጻሕፍታቸው ለመትረፋቸው አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይገመታል። በዚያ ሥፍራ የቆመው ቤተ ክርስቲያን በማርያም ስም የተሰየመ ነው። የማርያም ጠላቶች ተብለው ለተወገሩት ሰዎች ከዚህ የበለጠ መልስ ሊገኝ አይችልም።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ ጉንዳ ጉንዴ ከኢትዮጵያ ታላላቅ የብራና ማዘጋጃ ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። እስከ ዘመናችን ከደረሱት መጻሕፍቱ መካከል በገዳሙ የተመዘገቡት ብቻ ከ200 ይበልጣሉ፤ በልዩ ልዩ ምክንያት ከአገር ወጥተው በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በዋልተርስ ሙዚየም እንደሚገኘው ወንጌል ያሉም አሉ። የሥዕሎቹ ስልት በሥነ ጥበብ ታሪክ በገዳሙ ስም ይጠራል። የሐዋርያቱ ልብስ በጥቃቅን መስመሮችና በተደጋጋሚ ጌጥ ይሞላል፤ የገጹ ክፈፍ በሐረግ ተጠላልፎ ይዋባል፤ የፊታቸው ገጽታ ከሩቅ የሚለይ ነው።

እንዲህ ያለው ገጽ በአንድ ቀን አይወለድም። ቆዳው ይነከራል፣ በመወጠሪያ ላይ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ሥጋው እየተፋቀ እስኪነጣ ይለሰልሳል። ቀለሙ ይበጠበጣል፣ መቃው ይቀረጻል፣ መስመሩ ይሰመራል። ከዚያ ፊደል በፊደል፣ ወር ከወር ይጻፋል። በማኅበሩ ሕግ ሥራ ከጸሎት የማይለይ በመሆኑ በሰሌዳው ላይ ያጎነበሰው ጸሐፊና በእርሻው ላይ ያጎነበሰው ወንድሙ አንድ አገልግሎት ይፈጽሙ ነበር። ለንጉሥ ያልታጠፈው ጉልበት ለሥራ ታጥፏል።

የታሪክ ሚዛን

የደቂቀ እስጢፋኖስ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የተነገረው በከሳሾቻቸው አንደበት ነበር። ገድሎቻቸው ከታተሙ፣ እንደ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ያሉ ምሁራን ጉዳዩን ከመረመሩ፣ በተለይም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የማኅበሩን የግእዝ ጽሑፎች ለአማርኛ አንባቢ ካቀረቡ ወዲህ የሌላው ወገን ድምፅም ተሰምቷል። እርግጥ ነው፣ ገድል በደቀ መዝሙር፣ ዜና መዋዕልም በቤተ መንግሥት ሰው የተጻፈ በመሆኑ ሁለቱም በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። ንጉሡ አገርን አንድ ለማድረግ የደከመ መሪ እንደነበር፣ መነኮሳቱም በአቋማቸው እጅግ ጥብቅና ለመታረቅ የማይመቹ እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም።

ሆኖም ሁለቱም ወገኖች አንድ ወንጌል እያነበቡ ስለ እምነት ማስረጃ የሰጡት መልስ ተለያይቷል። አንደኛው ማስረጃውን በግንባር ላይ አስጻፈ፤ ሌላው በመዳፍ ላይ በሚወጣ ጠባሳ፣ በእኩል በሚቆረስ እንጀራ፣ በፍርሃት በማይለወጥ ቃል ውስጥ ፈለገው። በግንባር የተጻፈው ከባለቤቱ ጋር አፈር ገብቷል። በሥራ የተጻፈው ግን በጉንዳ ጉንዴ ብራና ላይ፣ ቀለሙ ሳይደበዝዝ፣ ዛሬም ይነበባል።