ጃንጂራ፦ በሕንድ ባሕር ላይ የቆመው የሐበሾች ምሽግ

የዕረፍት ጊዜያችሁን የት እንደምታሳልፉ የምታወጡ የምታወርዱ ብዙዎች እንደሆናችሁ እናውቃለን። ዱባይና ዶሃ ያላችሁ ወደ ዛንዚባር፣ አውሮፓ ያላችሁ ወደ ግሪክ ደሴቶች፣ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ወደ ፍሎሪዳ ታስቡ ይሆናል። መልካም ነው። እኛ ግን ዛሬ ሐበሻ ለመዝናናት እምብዛም ወደማይሄድበት፣ ስማችን ግን ከድንጋዩ ጋር ተገንብቶ ወደሚገኝበት ጠረፍ ልንወስዳችሁ ነው። ይህም ኮንካን የሚባለው የሕንድ ምዕራባዊ ባሕር ዳርቻ ነው።

ሙምባይን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይበርባታል፤ ነጋዴው ለዕቃ፣ ሕመምተኛው ለሕክምና ይመላለስባታል። ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ ሁለት ቀን ከተረፋችሁ፣ «የሕንድ በር» ከሚባለው ትልቅ ቅስት አጠገብ ጀልባ ተሳፈሩ። ከዚያ ወደብ አንዱ ጀልባ የጥንት የዋሻ ቤተ መቅደስ ወዳለበት ወደ ኤሌፋንታ ደሴት ይሄዳል። ሌላው የባሕር ወሽመጡን አቋርጦ ማንድዋ ያወርዳችኋል። ከማንድዋ በመኪና ወደ ደቡብ ስትወርዱ አሊባግን ታገኛላችሁ። በአሊባግ ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ውስጥ፣ ኮላባ የሚባል ምሽግ አለ፤ ውሃው ሲሸሽ በእግር ይገባበታል፣ ሲመለስ ደግሞ ደሴት ይሆናል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት የውሃውን ሰዓት ጠይቁ። ከአሊባግ ቀጥሎ የሙምባይ ሰው ቅዳሜና እሁድን የሚያሳልፍበት፣ ነጣ ያለ አሸዋ የተዘረጋበት ካሺድ ይመጣል። ከዚያም ኮኮናትና ዓሣ የሞላባት ትንሿ ከተማ ሙሩድ ናት። የመጣንበት ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። የእነሱም ክረምት እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት ባሕሩ ይቆጣል፣ ጀልባዎቹም ወደ ደሴቲቱ አይሄዱም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብትሄዱ ይሻላል።

ከሙሩድ አጠገብ ራጃፑሪ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ከእርሷ በሸራ ጀልባ ስትነሱ ከፊታችሁ የሚታየው ደሴት ሳይሆን ግንብ ነው። ጥቁሩ ግድግዳ በቀጥታ ከውሃው ውስጥ ይወጣል፤ መርገጫ የሚሆን አሸዋ እንኳ የለውም። በሩ የት እንዳለም አይታይም። ጀልባዋ ግድግዳውን ልትገጭ የደረሰች ሲመስላችሁ ነው በሁለት ግንቦች መካከል የተሸሸገው መግቢያ የሚገለጠው። ጠላት በሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ከላይ ያለው መድፍ ሥራውን እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። በሩ ላይ የተቀረጸውን ምስል ሳታዩ እንዳታልፉ፦ አንበሳ የሚመስል አውሬ ዝሆኖችን በጥፍሩ ጨብጦ ይታያል። ውስጡ ሰፊ ነው፤ ጨው በሆነው ባሕር መካከል የጣፋጭ ውሃ ኩሬዎች አሉ። ትልልቆቹ መድፎችም ከነዝገታቸው ዛሬም ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ካላል ባንግዲ ይባላል።

የደሴቲቱ ስም ጃንጂራ ነው። ዐረብ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን ቃሉን ወዲያው ትለዩታላችሁ፤ «ጀዚራ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፣ ደሴት ማለት ነው። ግዛቱ ግን ሌላም ስም ነበረው፦ ሐብሳን። የሐበሾች አገር ማለት ነው።

ይህ ስም ከየት መጣ? በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሐበሻ ሰው እንግዳ አልነበረም። በ14ኛው መቶ ዓመት በዚያ የተጓዘው ኢብን ባጡታ፣ ከጉጃራት ወገን በተሳፈረበት መርከብ ላይ ሐምሳ የሐበሻ ተዋጊዎች እንደነበሩ ጽፏል። የዚህን ባሕር ደህንነት የሚያስከብሩት እነሱ ናቸው፣ አንድ ሐበሻ እንኳ በመርከቡ ላይ ካለ የባሕር ወንበዴ አይጠጋውም ይላል። ይህን ስትሰሙ ደረታችሁን ነፋ ማድረጋችሁ አይቀርም፤ እኛም ያደርገናል። ነገር ግን አብዛኞቹ እንዴት እዚያ እንደደረሱ መጠየቅ አለብን። አብዛኞቹ የተሸጡ ሰዎች ናቸው። በጦርነት የተማረኩ ወይም ከቀያቸው የተነጠቁ ሕፃናት በምጽዋ፣ በዘይላ፣ በታጁራ በኩል ወደ የመን ይሻገሩ ነበር። ከዚያ ወደ ባግዳድ፣ ወደ ጉጃራትና ወደ ደካን ይወሰዳሉ። የነጠቃቸውም እስከ ወደቡ የነዳቸውም አብዛኛውን ጊዜ የኛው አካባቢ ሰው ነበር።

ከእነዚህ ሕፃናት አንዱን እንንገራችሁ። በ1548 እ.ኤ.አ. አካባቢ ተወለደ፤ ስሙ ቻፑ እንደነበር ይነገራል። ከሐረርጌ ነው የሚሉ አሉ፣ ከካምባታ ወገን ነው የሚሉም አሉ። የየመኑ የሞካ ገበያ ላይ ተሸጠ። ባግዳድ የወሰደው ጌታው አስተማረው፣ አሰለመው፣ አምበር ብሎም ሰየመው። በኋላ ወደ ደካን ተሸጠ። የገዛው ቺንጊዝ ኻን የአሕመድናጋር ሡልጣኔት ዋና ሹም ነበር፤ እሱ ራሱም ሐበሻ ባሪያ የነበረ ሰው ነው! ጌታው ሲሞት ሚስቱ ነፃ ለቀቀችው። በ1600 ሙጋሎች የአሕመድናጋርን ምሽግ ሲይዙ፣ ይህ ሰው ከገጠር ጦር አሰባስቦ የንጉሣውያን ዘር ያለውን ልጅ ዙፋን ላይ አስቀመጠ። እሱ ደግሞ እንደራሴ ሆኖ እስከ 1626 ድረስ አገሩን ገዛ። ማሊክ አምበር ማለት እሱ ነው።

የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር ምን ያህል እንደተቃጠለበት ማየት የሚፈልግ አውሮፓ ያለ ተመልካች ደብሊን ቼስተር ቢቲ ይሂድ። ንጉሡ የማሊክ አምበርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሥዕል ብቻ ነው፤ ራሱን አንድም ቀን አላገኘውም። አምበር በሰማንያ ዓመቱ ገደማ በራሱ ሞት ሞተ። ከሞተ በኋላ የሙጋል ቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ራሱ በጦር አመራርና በአስተዳደር አቻ እንዳልነበረው መስክሮለታል። በ1610 የመሠረታት ከተማ በኋላ አውራንጋባድ ተብላ ታወቀች፤ ውሃ ያስገባባት ቦይም በስሙ ይጠራል።

ወደ ባሕሩ እንመለስ። ጃንጂራ ስለተያዘችበት ሁኔታ የአገሬው ሰው የሚያወራው ተረት የሚመስል ታሪክ ነው። ደሴቲቱ የኮሊ ዓሣ አጥማጆች ነበረች፤ አለቃቸው በእንጨት አጥሮ ይኖርባት ነበር። አንድ ነጋዴ መጥቶ ዕቃዬን አሳድሩልኝ አለ፤ ለአለቃውም ወይን ጠጅ አቀረበ። ሌሊት ሁሉም ሰክሮ ሲተኛ፣ ከሣጥኖቹ ውስጥ ወታደሮች ወጡ። እውነትም ይሁን ተረት፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ደሴቲቱ ሲዲ በሚባሉት ሐበሾች እጅ ነበረች። በአካባቢው ከባሕር ኃይላቸው የሚፎካከር አልነበረም ማለት ይቻላል።

አሁን የሕንድ ሰው የሚያውቀው፣ እኛ ግን ያልሰማነው ነገር ይመጣል። የማራታዎቹ ጀግና ሺቫጂ ይህን ደሴት በተደጋጋሚ ከበበ። አልቻለም። በ1670 አካባቢ የደሴቲቱ ሹም ለሺቫጂ ሊያስረክብ ሲያስማማ፣ ሦስት ሲዲዎች ያዙትና አሠሩት፤ ከሙጋሉ ንጉሥ ከአውራንግዜብም ጋር ተዋዋሉ። ከዚያ በኋላ የሙጋል ባሕር ኃይል አዛዦች ሆኑ፣ ከሱራት ወደ መካ የሚሄዱትን የሐጅ መርከቦች መጠበቅም ሥራቸው ነበር። ሺቫጂ በአቅራቢያው ሌላ የባሕር ምሽግ አሠራባቸው፤ ልጁ ሳምባጂ በ1682 ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ በእግር ሊገባ ሞከረ። አልሆነም። የሚገርመው፣ የሺቫጂ አያት ማሎጂና አባቱ ሻሃጂ በማሊክ አምበር ሥር የተዋጉ ሰዎች ነበሩ። የተራራ ውጊያን ከሐበሻ ጋር የተማረ ቤተሰብ የሐበሻን ደሴት መያዝ አቃተው።

እንግሊዞችም አላመለጡም። በ1689 ያቁት ኻን የተባለው ሲዲ ጀልባዎቹን ይዞ ቦምቤይ ላይ ወረደ። የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ሰዎች በምሽጋቸው ውስጥ ታጎሩ። በመጨረሻ ወደ አውራንግዜብ መልእክተኛ ልከው፣ መቶ ሐምሳ ሺህ ሩፒ ካሣ ከፍለው፣ ይቅርታ ጠየቁ፤ ያቁት ኻን ከተማዋን የለቀቀው በ1690 ነው። በኋላ አብዛኛውን ሕንድ የገዛው ያ ኩባንያ አንድ ጊዜ በሐበሻ ተከቦ ነበር ብትሏቸው የሚያምናችሁ ጥቂት ሰው ነው።

ስንናገር ግን ሚዛን እንጠብቅ። ሲዲ ሁሉ ከኢትዮጵያ የመጣ አይደለም፤ በተለይ በኋለኞቹ ዘመናት ከምሥራቅ አፍሪካ ደቡባዊ ጠረፍ የተወሰዱ ብዙ ናቸው። «ሐበሺ» የሚለውም ስም ለሁሉም ይሰጥ ነበር። ደግሞም የማራታው ገበሬ ሲዲዎችን የሚያስታውሳቸው መንደሩን እንደዘረፉ ሰዎች ነው። አስጎብኚያችሁ ታሪኩን ከሺቫጂ ወገን ሆኖ ቢነግራችሁ አትቀየሙት።

እኛ ላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በ1541 ክሪስቶቮ ደ ጋማ 400 ነፍጠኞች ይዞ ምጽዋ የወረደው ከዚሁ ጠረፍ፣ ከጎዋ በተነሳ የመርከብ ጓድ ነው። ይህን እያንዳንዱ ተማሪ ያውቀዋል። ሊረዱን የመጡት በተሻገሩት በዚያው ባሕር፣ በዚያው ዘመን፣ የኛ ልጆች ተሽጠው ወደ ሕንድ ይሄዱ እንደነበር ግን በየትኛው ክፍል ተማርን? የባሪያ ንግድ በኢትዮጵያ ሕጋዊ መሠረቱን ሙሉ በሙሉ ያጣው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ አያት ያየው ዘመን ነው። ማሊክ አምበርን «የኛ ጀግና» ስንል፣ ሻጩም የኛ እንደነበር አብሮ መነሳት አለበት።

ሞካ ዛሬም አለች። ከኦቦክና ከቦሳሶ በጀልባ ተጭነው የመን የሚወርዱ ወጣቶቻችን የሚያርፉት በዚያ ወገን ነው። የዛሬው ስደትና የያኔው ባርነት አንድ ነው አላልንም። ልጁን በዚያ መንገድ የላከ፣ ድምፁን ሳይሰማ ወራት የቆጠረ ቤተሰብ ግን ይህን ፕሮግራም እየተመለከተ እንዳለ እናውቃለን።

የጃንጂራ ናዋቦች እስከ 1948 ገዙ፤ ያኔ ግዛታቸው ከነፃዋ ሕንድ ጋር ተቀላቀለ። ከደሴቲቱ ስትመለሱ ባለጀልባው ራጃፑሪ ያወርዳችኋል። ከዚያ ሩቅ ሳይሆን ኾክሪ በሚባል መንደር የሲዲ ሹማምንት መቃብሮች አሉ፤ ጉልላት ያላቸው የድንጋይ ቤቶች ናቸው። አብዛኛው ጎብኚ ምሽጉን አይቶ ወደ አሸዋው ይመለሳል። እናንተ ግን ጎራ በሉ።