ባለ ብዙ እርከን የቁስ ሞዴል

አንድን ቁስ ከአቶም እስከ ሙሉ ግንባታ ድረስ በየመጠኑ በኮምፒዩተር እያሰሉ፣ የአንዱን እርከን ውጤት ለቀጣዩ ግብዓት እያደረጉ ጥንካሬውን የሚተነብዩበት ዘዴ።

ለጎጃም ሰው ቅርቡ ማሳያ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ዓባይን የሚሻገረው፣ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው 303 ሜትሩ የህዳሴ ድልድይ ነው። (ድልድዩ በዚህ ዘዴ ተነደፈ ለማለት አይደለም፤ ኮንክሪቱ ግን እርከኖቹን ሁሉ ያሳያል።) ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት የሚባል ሙጫ ይፈጠራል፤ ቅንጣቶቹ የሚለኩት በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር ቢሊዮንኛ ነው። አሸዋው በሚሊሜትር፣ ጠጠሩ በሴንቲሜትር፣ ድልድዩ በመቶ ሜትር ይለካል። የድልድዩን አቶም ሁሉ አንድ በአንድ የሚያሰላ ኮምፒዩተር የለም። ስለዚህ የሙጫው ግትርነት ከአቶሞች ስሌት ይወሰድና ሙጫና አሸዋ ወደተዋሃዱበት ሞርታር፣ ከዚያ ወደ ኮንክሪቱ፣ በመጨረሻም ወደ ምሰሶው ይሻገራል። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጠጠርና ሲሚንቶ በሚገናኙበት ስስ ሽፋን ነው። ጠጠሩ የደጋ ባዛልት ከሆነ ይህ ድንበር ለብቻው መለካት አለበት እንጂ ከሌላ ድንጋይ የተዋሰ ቁጥር አይበቃም።

ሞጣ አቅራቢያ ያለው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገረው የድንጋይና የኖራ ድልድይ ያለ ኮምፒዩተር ስሌት ለዘመናት ቆሞ ነበር። «ሰባራ ድልድይ» ያሰኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን መሰበሩ ነው።

ለኬሚካዊ ሥርዓቶች ባለ ብዙ እርከን ሞዴል ያበጁት ማርቲን ካርፕለስ፣ ማይክል ሌቪትና አሪየ ዋርሼል እ.ኤ.አ. በ2013 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል።