ዓሣ መጨመር ያራቆተው ወንዝ

በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ዝንብ የሚመስል መንጠቆ የሚወረውሩ አጥማጆች ዛሬ በወንዞቹ የሚያገኙት ትራውት የተባለው ዓሣ እዚያው ተፈልፍሎ ያደገ ነው። ይህን ያስገኘው የተፈጥሮ ቸርነት ብቻ ሳይሆን ደፋር ውሳኔ ነው። ለብዙ ዘመን በማራቢያ ገንዳ ያደገ ዓሣ ወደ ወንዝ ይለቀቅ ነበር፤ የሥነ ሕይወት ባለሙያው ዲክ ቪንሰንት ግን በማዲሰን ወንዝ ባካሄደው ጥናት፣ የሚለቀቀው ዓሣ በወንዙ የተወለደውን እንደሚያመናምን አሳየ። ግዛቱም በ1974 እ.ኤ.አ. ትራውት በራሱ በሚራባባቸው ወንዞች ልማዱን አቆመ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓሣን የሚያሽከረክር በሽታ የማዲሰንን ቀስተ ደመና ትራውት ክፉኛ ሲመታ ውሳኔው ስህተት መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። ሆኖም ቁጥሩ ያንሰራራው በአብዛኛው ከበሽታው የተረፈው ዓሣ ራሱ ተራብቶ ነው። የዛሬው ፈተና ሙቀትና የውኃ ማነስ በመሆኑ የማራቢያ ገንዳ ዓሣ መፍትሔ አይሆነውም፤ ስለዚህም ወንዙ ሲሞቅ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ይከለከላል።