ከዲላ የመጣ ድምፅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ምድር ቤት ውስጥ

ዋሽንግተንና አካባቢው ያለ የሐበሻ ቤት ገብታችሁ ወደ ምድር ቤቱ ብትወርዱ ከሁለት ነገር አንዱን ታገኛላችሁ፤ ወይ የተከራይ አልጋ፣ ወይ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ የተለጠፈበት ስቱዲዮ። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ከዲላና ከጌዴኦ ዞን የመጣን ሰዎች ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የምንሰባሰብበት ቤት እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ማይክራፎኑ የቆመው አልጋው ራስጌ ነው።

የሐበሻ ሙዚቃ በጥቂት ሰው፣ በጠባብ ቦታ መቀረጽ እዚህ ከተማ የቆየ ነገር ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲመጣ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚሁ ቀሩ። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘሮቹን ብቻውን እየደራረበ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ የዓለም ጆሮ ሲያገኝ ሰውየው እዚሁ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። በሁለቱ ዓመቶች መካከል ደግሞ ሥራውን የሚያቀል ነገር መጣ። የሃምቡርጉ ስታይንበርግ በ1996 ቪኤስቲ የተባለውን አሠራር ኩቤዝ በተባለው የመቅጃ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባ። ኢኮውና ኢኳላይዘሩ፣ ቆይቶም ፒያኖውና ከበሮው ፕለጊን በሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች መልክ ኮምፒውተር ውስጥ ገቡ። ታክሲ ነድቶ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሠርቶ የሚመጣ ሰው ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ መቅዳት ቻለ።

ቤት ውስጥ መቅዳት እኛ ዘንድ ሥር የሰደደበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በአማርኛ የሚዘፍን ሰው እዚህ ሞልቷል። በጌዴኦኛ የሚዘምር፣ ለደራሮ በዓል የሚዘፈነውን የሚያውቅ ግን በጣት ይቆጠራል። አውጪው ቢገኝ ተቀባዩ የለም፤ ዘፈኑ ደግሞ ያለ ተቀባይ ባዶ ነው። ስለዚህ ተቀባዩን ከዲላ ማስመጣት ነበረብን፤ በቪዛ ሳይሆን በቴሌግራም። ዲላ ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹ ያቀናብራል፣ የመዘምራኑን ድምፅ ይቀዳል፤ እዚህ ሚክስ እናደርጋለን። አንድ የአራት ደቂቃ የድምፅ ትራክ በ48 ሺህ ሳምፕልና በ24 ቢት ሲቀዳ 35 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በፋይል መልክ ከተላከ ኔትወርኩ ቢያዘግምም እንዳለ ይደርሳል። በቮይስ መልእክት ከተላከ ግን ቴሌግራም ይጨምቀዋል፤ ለሚክስ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ጊዜያችንን የሚበላው ሙዚቃው አይደለም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ወይም ትራኩ ሲጫወት ስታክ ማድረጉ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ዲላ ሆነው ከሚቀዱልን ልጆች አንዱ ደወለ። «ጋሼ፣ ኩቤዙ አልከፈትም ብሏል። ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነው መሰለኝ፤ አዲስ ላፕቶፕ ብትልኩልኝ።»

«ቆይ እስቲ፣ ሲቆም ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

«የሆነ የፕለጊን ስም ነው።»

«ሁልጊዜ እዚያው ስም ላይ ነው የሚቆመው?»

«አዎ፣ እሱ ላይ ነው። ሦስቴ አጥፍቼ አስነሥቼዋለሁ።»

እንግዲህ ተጠርጣሪው ስሙን ራሱ ተናግሯል። ኩቤዝ ሲነሳ ያሉትን ፕለጊኖች አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ አንዱ ካልመለሰለት እሱን ሲጠብቅ ይቀራል። ልጁ ያንን ፋይል ከፕለጊኖቹ ፎልደር አውጥቶ ዴስክቶፕ ላይ እንዲያስቀምጠው ነገርኩት። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ፋይሉ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ፣ ሪቨርብ ነበር፤ ከጓደኛው ፍላሽ የመጣ። ኩቤዝ ከ9ኛው እትም ወዲህ እንዲህ ያለውን ፕለጊን ራሱ ለይቶ ያገልላል። የልጁ ግን በ2009 የወጣው ኩቤዝ 5 ነው፤ የሚያገልለው ሰው ነው።

ስም ሳያሳይ ከቆመስ? ግማሹን ፕለጊን ከፎልደሩ አውጥቶ ማስነሣት ነው። ከተከፈተ ጥፋተኛው ከወጣው ግማሽ ውስጥ ነው፤ ካልተከፈተ ከቀረው። ግማሹን እንደገና ግማሽ ማድረግ ነው፤ መቶ ፕለጊን ቢኖር እንኳ በሰባት ዙር ያልቃል። ፕለጊኖቹ ንጹሕ ከሆኑ የተበላሸው የፕሮግራሙ የራሱ ሴቲንግ ሊሆን ይችላል። ኩቤዝ ሲነሳ ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ይዞ መቆየት ያለ አሮጌው ሴቲንግ እንዲከፈት የሚያስችል ምርጫ ያመጣል። ሎጂክ በተባለው ሌላ የመቅጃ ፕሮግራም ላይ ኮንትሮልን መያዝ ያለ ድምፅ ሲስተሙ ያስነሣዋል፤ ፕሮ ቱልስ በተባለው ላይ ደግሞ ኤን የምትለውን ፊደል ሲይዙ የሳውንድ ካርድ ምርጫው ቀድሞ ይመጣል። ሳውንድ ካርዱ ተነቅሎ፣ ፕሮግራሙ ግን እሱኑ እየፈለገ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተከፍቶ ሲጫወት የሚቆመው ሌላ በሽታ ነው። እዚህ መጀመሪያ የሚታየው ባፈር ነው። ኮምፒውተሩ ድምፁን በትንንሽ ጥቅል እያዘጋጀ ለሳውንድ ካርዱ ያቀብላል። በ48 ሺህ ሳምፕል፣ 256 የሆነ ባፈር አንዱን ጥቅል ለማዘጋጀት 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ይሰጠዋል፤ 1024 ሲሆን ወደ 21 ከፍ ይላል። ዘማሪው በጆሮ ማዳመጫ ራሱን እየሰማ ሲቀዳ ትንሹ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የገዛ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ሚክስ ሲደረግ ግን ማንም አይዘምርም፤ ወደ 1024 ማሳደግ ነው። ዲላ ያለው ልጅ በ128 ቀድቶ በዚያው በ128 ሠላሳ ትራክ ሊያጫውት ይሞክራል፤ ከዚያ «ኮምፒውተሩ ደከመ» ይላል።

ባፈሩ አድጎም ከቆመ ከሙዚቃው ውጭ ያለውን ማየት ነው። ዋይፋዩን አጥፉት። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩትና ኃይል ከመቆጠብ አስወጡት። ፋይሎቹ ያሉት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ዲስኩ በየመሀሉ እንዳይተኛ ሴቲንጉን ቀይሩ፤ ገመዱንም በሀብ ሳይሆን ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። አንቲቫይረሱ የፕሮጀክት ፎልደሩን እንዳይፈትሽ አድርጉ። ግን አንዱን ሳትፈትኑ ሌላውን አትንኩ። አምስቱን ባንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የቱ እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይደውላል።

ዲላ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ መብራት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ አይለይም፤ መብራት ሲሄድ ፋይሉ ሲጻፍ መሀል ላይ ይቋረጣል። በማግስቱ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ይቆማል፤ ፕሮግራሙም ፕለጊኑም ጤነኛ ነው። ያን ጊዜ የሚያድነው ኩቤዝ በራሱ የሚያስቀምጠው ባክአፕ ነው። ሳይነካ ከተተወ በየ15 ደቂቃው ነው የሚያስቀምጠው፤ መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ይህ ረጅም ስለሆነ አሳጥሩት።

ዛሬ የዲላዎቹ ልጆች ለእኛ መደወል ቀንሰዋል፤ ለይርጋጨፌና ለወናጎ ልጆች እነሱ ይመልሳሉ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙዎቻችን በየቤታችን ተደስተናል። ቋንቋውና ዜማው ግን በምዝገባ አይቆይም፤ መቀዳት አለበት። የሚቀዱት ደግሞ እዚያ ያሉት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ውጭ አገር ላላችሁ የጌዴኦ ልጆች አንድ ነገር ልለምን። ከአገር ቤት «ላፕቶፕ ላኩልኝ» የሚል ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የቆመበትን ስክሪን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ላፕቶፕ አያስፈልግም። ገንዘብ ማውጣታችሁ ካልቀረ መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ መግዣና ሕጋዊ ፕሮግራም ላይ አውሉት። ሪፐር የተባለው የመቅጃ ፕሮግራም ለግል ሥራ 60 ዶላር ነው፤ እዚያ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ ስለሌለው ነው ክራክ የሚፈልገው። እኛ ካርዱ አለን።